ጨርቆስ ወይስ ቂርቆስ? የአዲስ አበባን ሰፈሮች እንደ ጽሑፉ ወይስ እንደ ነዋሪው እንጥራ?

ጥያቄ፦ «ከጦሳ ሥር»

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ በሞተር ብስክሌት ለደንበኞች በሚያደርስ አንድ ድርጅት ስልክ እየተቀበልሁ አድራሻ እመዘግባለሁ። በሥራው ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ የከተማው ስፋት ወይም የመንገዱ በየጊዜው መቆፈር ሳይሆን፣ የሰፈሮቹ ስም በጽሑፍ አንድ ዓይነት ሆኖ በነዋሪው አፍ ሌላ ዓይነት መሆኑ ነው። ደሴም የራሷ ፒያሳና የራሷ አራዳ ስላላት እነዚህ ሁለቱ አልከበዱኝም፤ ሌሎቹ ግን እንደዚያ አልሆኑልኝም።

ለምሳሌ በመዝገባችን «ቂርቆስ» ተብሎ የተጻፈውን ደንበኛው «ጨርቆስ» ይለኛል። «ጦር ኃይሎች» የሚለውን የሰፈሩ ሰው በአንድ ትንፋሽ «ጦራይሎች» ብሎ ያልፈዋል፤ «አውቶቡስ ተራ»ም «አቶብስ ተራ» ይሆናል። «ለገሃር»ን «ላጋር» የሚሉ አሉ፤ ካዛንቺስን አንዱ በ«ዛ»፣ ሌላው በ«ሳ» ይጠራዋል። በዚህ ላይ ውጭ አገር ያደገ የሥራ ባልደረባዬ ስሞቹን የሚያነበው በላቲን ፊደል ከተጻፈ የስልክ ካርታ ስለሆነ፣ ቄራን «ኬራ»፣ ቃሊቲን «ካሊቲ» እያለ አድራሾቹን ግራ ያጋባቸዋል።

በቅርቡ አንዲት ደንበኛ «ጨርቆስ ነኝ» ብላ ስትደውል፣ የምንጠቀምበት ፕሮግራም የሚቀበለው «ቂርቆስ» የሚለውን ብቻ ስለነበረ ያው እሱ ተመዘገበ፤ ዕቃውን የያዘው ልጅ ግን ካዛንቺስ ደርሶ «እዚህ ቆሜያለሁ፣ ሴትዮዋ የታለች?» ብሎ ደወለ። ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ ትክክለኛው አጠራር የትኛው ነው? ልዩነቱስ ከየት መጣ? ደግሞም እንደ እኔ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው «ጨርቆስ» ቢል፣ የሰፈሩ ሰው እንደ ማስመሰል ወይም እንደ ንቀት ይቆጥርብኛል ወይስ ደስ ይለዋል?

መልስ፦ «የኢየሉጣ ጎረቤት»

ወንድሜ፣ ተወልጄ ያደግሁትም ልጆቼን ያሳደግሁትም ጨርቆስ ስለሆነ ከዚያው ልጀምርልህ። አንተ የገጠመህ የአጠራር ልዩነት ብቻ አይደለም። ቂርቆስ እና ጨርቆስ ዛሬ አንድ ቦታ አይደሉም። ቂርቆስ የክፍለ ከተማው ስም ነው፤ ካዛንቺስም፣ ስታዲየምም፣ መስቀል አደባባይም በእሱ ሥር ናቸው። ጨርቆስ ግን ሰፈር ነው፤ ከለገሃር በስተደቡብ፣ በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው፣ ቤቱ ከቤት የተደጋገፈው የእኛ ሰፈር ነው። የእናንተ ፕሮግራም ሁለቱን አንድ በማድረጉ ልጁ ካዛንቺስ ላይ ቆሞ ቢቀር የሚገርም አይደለም። በመዝገብ ረገድ አልተሳሳተም፤ የደረሰበት ቦታ በእርግጥ ቂርቆስ ነው።

ስሙን በተመለከተ፣ ከሰፈራችን ውጭ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ቂርቆስን አበላሽተው ጨርቆስ አሉት» ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። «ጨርቆስ» አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የነበረ አጠራር ነው። ትግራይ ውስጥ ከአለት የተፈለፈለው የታወቀው ቤተ ክርስቲያን ውቅሮ ጨርቆስ ይባላል። በጣና ሐይቅ ያለውን ገዳም ሊቃውንቱ ጣና ቂርቆስ ብለው ሲጽፉት፣ ጣና ጨርቆስ የሚለውም ሞልቷል። ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በመጽሐፍ የሚታወቁት በግእዙ ስም ነው፤ ሕዝቡ ግን በራሱ አፍ ሲጠራቸው ኖሯል። ካህኑ በቅዳሴ ቂርቆስ ይላሉ፣ ከቅጽሩ ሲወጡም እንደ ማንኛችንም «ጨርቆስ ነው ቤቴ» ይላሉ። በአንድ ሰው አፍ ሁለቱም ሳይጣሉ ይኖራሉ።

«ከደሴ መጥቼ ጨርቆስ ብል እንዴት ይታየኛል?» ላልኸው፣ ማንም አይቀየምህም። የሚያስቀይመን ስሙን በክፉ ቃና የሚጠራ ሰው ነው። ሥራ ፍለጋ ስንሄድ «ከየት ነህ?» ተብሎ «ጨርቆስ» ያለውን ልጅ ከላይ እስከ ታች የሚያይ ሰው ነበረ፤ ስለዚህ አንዳንድ ልጆቻችን በእንዲህ ያለ ቦታ «ቂርቆስ» ማለት ለመዱ። አጠራሩ የሰፈር ምልክት ብቻ አይምሰልህ፤ የኑሮ ደረጃም መለያ አድርገውታል። አንተ ዕቃዬን በሰዓቱ ካደረስህልኝ እንደ ፈለግህ ጥራው።

መልስ፦ «ሰዋስው»

እኅታችን ከላይ የጻፉት ትክክል መሆኑን ከቋንቋው በኩል ላስረዳ። «ቀ»፣ «ከ» እና «ገ» በ«ኢ» ወይም በ«ኤ» ሲከተሉ፣ በብዙ የአማርኛ አነጋገሮች ወደ «ጨ»፣ «ቸ» እና «ጀ» ይሳባሉ። ጠያቂው ከወሎ ስለሆኑ በገጠር «ጊዜ» ለማለት «ጅዜ» የሚሉ ሰዎች ሳያጋጥሟቸው አይቀርም፤ ኪዳነ ምሕረትንም «ቺዳነ ምረት» የሚሉ አሉ። ቂርቆስ ጨርቆስ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ «ጅዜ» የገጠር አነጋገር ሆኖ ሲቀር «ጨርቆስ» በመዲናዋ መሐል የሰፈር ስም ሆኖ ጸና።

ከሌላ ቋንቋ የመጡት ስሞች ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ካዛንቺስ የተገኘው ጣሊያን አገራችንን በወረረበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የጣሊያን ተቋም እዚያ ቤቶች በመሥራቱ ነው። የተቋሙ ምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ነበረ፤ «ቤቶች» የሚለው የጣሊያንኛ ቃል ሲጨመርበት ደግሞ «ካዜ ኢንቺስ» ይሆናል። በነዋሪው አፍ ሁለቱ ተጋጥመው ካዛንቺስ ሆኑ። ጠያቂው በ«ዛ» እና በ«ሳ» ስለሚጠሩት ሰዎች ላነሡት፣ ያንኑ ቃል የሰሜን ጣሊያን ሰዎች «ካዜ»፣ የቶስካና ሰዎች ደግሞ «ካሴ» ይሉታል፤ ልዩነቱ በራሱ በጣሊያንኛ ውስጥ ያለ ነው። ካዛንቺስ እና ካሳንቺስ በሚሉት መካከል ዳኛ ልሁን የሚል ሰው አስቀድሞ ጣሊያኖቹን ማስታረቅ ይኖርበታል። ዛሬ በብዛት የሚሰማውና የሚጻፈው ግን በ«ዛ» ስለሆነ፣ ለመዝገብ እሱን እመርጣለሁ።

ፒያሳ በጣሊያንኛ ሲነገር መሐሉ «ትስ» የሚል ድምፅ አለው፤ አማርኛችን ወደ «ሳ» አለሰለሰው። ስሙን ከላቲን ፊደል የሚያነቡ «ፒያዛ» ይሉታል፤ ይህን ግን በሰፈሩ ያደገ ሰው አይልም። መርካቶና ፖፖላሬም ጣሊያንኛ ናቸው፤ ላንቻ ደግሞ በዚያው አገር የመኪና ፋብሪካ ስም የተጠራ ነው። የሚያስቀኝ ሲኤምሲ ነው። ስሙ ከአንድ የጣሊያን የግንባታ ድርጅት የመጣ እንደሆነ ይነገራል፤ ጣሊያኖቹ ፊደሎቹን ሲያነቡ «ቺ ኤሜ ቺ» ስለሚሉ፣ ሰፈሩን በእንግሊዝኛ አጠራር የምንጠራው እኛ ነን።

ለገሃር ግን ፈረንሳይኛ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ የምድር ባቡር ኩባንያው የሚሠራው በፈረንሳይኛ ስለነበረ ጣቢያው «ላ ጋር» ተባለ። ስለዚህ «ላጋር» የሚሉት ሽማግሌዎች ለምንጩ የቀረቡ ናቸው። «ለገሃር» የሚለው አጻጻፍ እንዴት ጸና ለሚለው የራሴ ግምት አለኝ፤ በከተማው ዙሪያ ለገጣፎና ለገዳዲን የመሰሉ በ«ለገ» የሚጀምሩ ስሞች ስላሉ፣ ጆሯችን ፈረንሳይኛውን ከእነሱ ጋር መደበው እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊደላችን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ለይቶ አያሳይም፤ በአንዳንድ መዝገበ ቃላት ከፊደሉ በላይ ነጥብ ይደረጋል እንጂ በመንገድ ታፔላ ላይ የሚያደርገው የለም። ስለዚህ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ያለችውን ዓለም ገናን አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ «ና»ን አጥብቆ፣ የልደት በዓል ያለባት ከተማ ያደርጋታል። የአካባቢው ሰው ግን አላልቶ ነው የሚጠራት። ይህን ልዩነት ከጽሑፍ ማግኘት አይቻልም፤ የግድ ከሰው አፍ መስማት ያስፈልጋል።

መልስ፦ «የለገዳዲ ልጅ»

ውይይቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እስካሁን «ነዋሪ» የተባለው ሁሉ አማርኛ ተናጋሪው የከተማ ሰው ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። በአዲስ አበባ ውስጥና ዙሪያ ካሉት ስሞች እጅግ ብዙዎቹ የአፋን ኦሮሞ ስሞች ናቸው። የእኛ ቤተ ዘመድ ጉለሌን፣ ላፍቶን፣ ገላንን፣ ለገዳዲን ሲጠራ የሚሰማው ድምፅ ከተማው ውስጥ ከሚሰማው ይለያል። «የአገሬው አጠራር ይከበር» ከተባለ፣ የየትኛው አገሬ የሚለው ጥያቄ መነሣት አለበት።

የራሴን አካባቢ ላስቀድም። የአዲስ አበባ ሰው ውሃ የሚጠጣበትን ግድብ «ለገዳዲ» ይለዋል። በእኛ አነጋገር የመጨረሻው ድምፅ ተራው «ዲ» አይደለም፤ ምላስ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ፣ አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚወጣ ነው፤ በግእዝ ፊደል «ዺ» ተብሎ የሚጻፈውም ለዚህ ነው። «ዳዺ» ጠጅ ማለት ነው፣ «ለገ» ደግሞ ወንዝ ነው። ይህን ድምፅ አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው በቀላሉ አያወጣውም፣ እኔም እንዲያወጣው አላስገድደውም። ነገር ግን ጓደኞቼ «በትክክል ለገዳዲ በል» ብለው እኔን ሲያርሙኝ መሳቄ አይቀርም።

ለጠያቂው የሚጠቅም አንድ ሥርዓት አለ። በአፋን ኦሮሞ አናባቢ አጭርና ረጅም ሆኖ ትርጉም ይለያል። ስሙ ወደ አማርኛ ሲገባ አጭሩ «አ» ብዙ ጊዜ ወደ ግእዙ ድምፅ፣ ረጅሙ ወደ ራብዑ ይዞራል። ገላን ስትሉ «ገ» አጭር፣ «ላ» ረጅም ስለሆነ ነው። ላፍቶ በ«ላ» የተጻፈው የመጀመሪያው አናባቢ ስለሚረዝም ነው፤ ላፍቶ ግራር ነው። ስለዚህ «ለፍቶ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ካጋጠማችሁ ስሙን በጆሮው እንዳልሰማው ታውቃላችሁ። አማርኛው በዚህ ረገድ ከሚታማው በላይ ታማኝ ነው። የማያሳየው መጥበቁን ነው፤ መካኒሳን፣ ብሳና የሚባለውን ዛፍ፣ እኛ ስንጠራው «ካ»ም «ኒ»ም ይጠብቃሉ፤ ከተማው ውስጥ ግን ሁለቱም ላልተው ይሰማሉ።

ውጭ ያደገውን ባልደረባዎን በተመለከተ፣ ችግሩ ካሰቡት የባሰ ሊሆን ይችላል። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የሚጻፍበት ቁቤ የላቲንን ፊደል ይዋስ እንጂ የእንግሊዝኛን ድምፅ አይዋስም። በእንግሊዝኛ «ኤክስ» የሚባለው ፊደል በቁቤ «ጠ» ነው፤ «ሲ» የሚባለው ደግሞ «ጨ» ነው። ቁቤ የማያውቅ ሰው የለገጣፎን ታፔላ አይቶ «ላጋ ዛፉ» ቢል፣ የኮዬ ፈጬን አይቶ «ፋኪ» ቢል አይፈረድበትም፤ የአድራሾች ተቆጣጣሪ ከሆነ ግን ፊደሉን ቢማር ጥሩ ነው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

ቱሉ ዲምቱንም ልጥቀስ። «ቱሉ» ኮረብታ፣ «ዲምቱ» ቀይ ማለት ስለሆነ ስሙ ሁለት ቃል ነው። ከመሐል ከተማ ወደ ኮንዶሚኒየሙ የገቡት ሰዎች ግን ሁለቱን ገጥመው እንደ አንድ ስም በፍጥነት ይጠሩታል፤ እዚያ የተወለዱት ልጆቻቸውም እንደዚያው ነው የሚሉት። እነዚህ ልጆች የቱሉ ዲምቱ ተወላጆች ናቸው። ታዲያ የእነሱ አጠራር የነዋሪ ነው ወይስ የእንግዳ? እኔ መልሱን በቀላሉ አላገኘውም።

መልስ፦ «ታፔላ»

ለብዙ ዓመታት በሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሾፌርነት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ሁላችሁም የዘነጋችሁትን የረዳቱን ድርሻ ልናገር። የከተማውን ስሞች የሚያሳጥረውና የሚያጋጥመው በዋናነት ረዳቱ ነው። መኪናው ቆሞ እስኪሞላ ድረስ አንድን ስም ሳያቋርጥ ሲጠራ፣ «ጦር ኃይሎች» የሚለው ለትንፋሽ አይመችም፤ «ኃ» ትወድቅና «ጦራይሎች» ይሆናል። «ስድስት ኪሎ»ም በዚሁ ምክንያት «ስድስኪሎ» ይሆናል፤ የ«ት»ና የ«ኪ» መገናኘት ምላስ ይይዛል። «ተክለ ሃይማኖት» «ተክላይማኖት» ይባላል። ተሳፋሪው ጠዋትና ማታ ይህን እየሰማ ይለምደዋል፣ ቤቱም ይዞት ይገባል።

ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ሁሉንም ፊደል ሳይዘል «ጦር ኃይሎች ወራጅ አለ» ቢል ረዳቱ አይስቅበትም፤ ይልቁንም «አዲስ ነህ እንዴ?» ብሎ መውረጃውን ያሳየዋል። የሚያደናግረን በሌላ ስም የሚጠራው ነው። ዘነበ ወርቅ የሚባለውን ሰፈር በሆስፒታሉ ስም «አለርት» የሚሉ አሉ፤ ይህ እንኳ ይገባናል። አንዳንዱ ግን ሆቴሉ የነገረውን የክፍለ ከተማ ስም ይዞ ይመጣና «የካ አውርደኝ» ይላል። የካ ሰፊ ነው፤ ከየካ የቱ ጋ? ስለዚህ ጠያቂው አጠራሩ ላይ ብዙ ባይጨነቁ እመክራለሁ። ሰው ከስሙ ቀጥሎ የሚናገረውን ምልክት፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ነዳጅ ማደያውን፣ ድልድዩን ይመዝግቡ።

መልስ፦ «ሰዋስው»

«ታፔላ» ያነሡት መሠረታዊ ነው፤ በአንድ ነጥብ ግን አልስማማም። ምልክቱ ሊፈርስ ይችላል፤ ነዳጅ ማደያው ባለቤቱን ሲቀይር ስሙም ይቀየራል። የከተማው አድራሻ ሥርዓት የሚጸናው ስሞቹ በአንድ ወጥ አጻጻፍ ሲመዘገቡ ነው። እኔ የምለው «ጨርቆስ» ይሰረዝ አይደለም፤ በመዝገቡ «ጨርቆስ» ራሱን የቻለ የሰፈር ስም፣ «ቂርቆስ» ደግሞ የክፍለ ከተማ ስም ሆነው ይለዩ ነው። በንግግር የሚወድቁትን ድምፆች ግን፣ «ጦራይሎች»ንም «አቶብስ ተራ»ንም፣ በጽሑፍ ባንከተላቸው ይሻላል፤ አለዚያ በየዓመቱ አዲስ አጻጻፍ እንፈጥራለን።

መልስ፦ «የኢየሉጣ ጎረቤት»

በዚህስ እስማማለሁ። ብቻ «ጨርቆስ»ን ከ«ጦራይሎች» ጋር በአንድ ሚዛን አታስቀምጡብኝ። አንደኛው ከታክሲ በር ላይ የመጣ ነው፤ ሌላው ከአያቶቻችን።

መልስ፦ «ከሲልቨር ስፕሪንግ»

ከውጭ አገር አንድ ነገር ላክል። እኛ እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን በበኩላችን የሌላውን ሰፈር ስም እንዳመቸን ነው የምንጠራው። የምንኖርበትን ግዛት በሙሉ ድምፅ «ሜሪላንድ» እንለዋለን፤ የአገሬው ተወላጅ ግን «ሪ»ን ውጦ «ሜርለንድ» ነው የሚለው። የባልቲሞር ልጆች ደግሞ ከተማቸውን «ባልመር» ይሏታል፤ እንደ እነሱ ሊል የሞከረ እንግዳ ግን ወዲያውኑ ይታወቃል፣ የሚወድቀውን ድምፅ በትክክለኛው ቦታ አይጥለውምና።

የአዲስ አበባን በተመለከተ፣ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ቦሌን የሚያውቁት ከአውሮፕላን ቲኬት ላይ በላቲን ፊደል ነው፤ መጨረሻ ያለውን «ኤ» ስለማያነቡት «ቦል» ብለው ይጠሩታል። እናቶቻቸው ያርሟቸዋል። ነገር ግን እናቶቻቸው ራሳቸው ከአገር ከወጡ ብዙ ዘመን ስለሆናቸው፣ ከእነሱ ወዲህ የተቆረቆሩትን ሰፈሮች ስም የሚያነቡት እንደ ልጆቹ ከስልክ ላይ ነው። ባለፈው አንዲት አክስታችን ኮዬ ፈጬን «ኮዬ ፈቼ» ሲሉ ሰምቼ፣ ይህ ነገር በዕድሜ የሚታለፍ አለመሆኑ ገባኝ።

ከጠያቂው፦ «ከጦሳ ሥር»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «የኢየሉጣ ጎረቤት» የነገሩኝን ይዤ ኃላፊዬን አነጋግሬ ነበር፤ ጨርቆስ በፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው እንዲገባ ተስማምቷል። የ«ታፔላ»ንም ምክር ተከትዬ ከሰፈር ስም ቀጥሎ ምልክት የሚጻፍበት ቦታ እንዲኖር ጠይቄያለሁ። ባልደረባዬ ደግሞ የቁቤን ፊደል ከግድግዳው ላይ ለጥፎ እያጠና ነው፤ «ኤክስ» «ጠ» መሆኑን ከሰማ ወዲህ ለገጣፎን እንደ እኔ መጥራት ጀምሯል፣ እንደ «የለገዳዲ ልጅ» እንኳ ባይሆን።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማቱ ምክንያት ብዙ ነዋሪዎቿ ወደ ሌላ አካባቢ ተዛውረዋል። አሁንም ግን «የካዛንቺስ ልጅ ነኝ» የሚሉ ደንበኞች ይደውሉልኛል፤ ዕቃው የሚላከው ግን ወደ ገላን ጉራ ነው። እነዚህ ሰዎች አዲሱን ሰፈራቸውን እንዴት ነው የሚጠሩት? በመዝገቡስ እንዴት ብዬ ላስገባው?

መልስ፦ «የካዛንቺስ ልጅ»

ከተዛወሩት አንዱ ስለሆንሁ ይህን እኔ ልመልስ። የምኖረው ገላን ጉራ ነው፤ ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት ዕጣ በወጣልን ጊዜ ከወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ መጥበቁንም መላላቱንም አይናገርምና፣ ከእኛ አንዳንዱ «ላ»ን አጥብቆ፣ አንዳንዱ አላልቶ ይጠራው ነበረ። የቀድሞው ነዋሪ፣ በአቅራቢያችን ወተት የሚሸጡልን ሰዎች፣ «ላ»ን ሳያጠብቁ ረዘም አድርገው ይሉታል፤ «የለገዳዲ ልጅ» ከላይ እንደ ጻፈው ነው። ልጆቼ ከእነሱ ልጆች ጋር አንድ ትምህርት ቤት ስለሚማሩ ወዲያው ለመዱት፤ እኔና ባለቤቴ ግን ብዙ ጊዜ «ጉራ»ን ትተን «ገላን» ብቻ እንላለን። ይህ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል፣ ገላን ብቻውን የሌላ ቦታ ስምም ነውና።

ካዛንቺስ ነኝ የሚሉትን በተመለከተ፣ አነጋገራቸውን ያስተውሉ። «የካዛንቺስ ልጅ ነኝ» ካለ ማንነቱን ነው የነገረዎት፤ አድራሻውን ገና አልሰጠዎትም። «ካዛንቺስ ነኝ» ካለ ግን ሳይፈርስ ከቀረው ወገን ሊሆን ይችላል፤ ወይም እዚያ ቢሮ አለው። ስለዚህ በስልኩ ላይ «አሁን ዕቃውን የሚቀበሉት የት ሆነው ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ገላን» ከሆነ፣ «ገላን ጉራ ወይስ ገላን ኮንዶሚኒየም?» ብለው ይድገሙ። በመዝገቡ «ገላን ጉራ» ብለው ሁለቱንም ቃል ይጻፉ፤ ከዚያ የብሎክ ቁጥር ያስከትሉ። ብሎኮቹ ቁጥራቸው በግድግዳው ላይ በትልቁ ስለተጻፈ፣ አድራሹ ስሙን እንዴትም ቢጠራው ከዚያ በኋላ አይጠፋበትም።